ያልተሞከረው ምት

ደራሲው የሞተው በገዛ የሥራ ክፍሉ፣ በገዛ ሰይፉ ነው። ስንደርስ ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ጥጥ የታጨቀበት ወፍራም የልምምድ ጃኬት ለብሷል፤ የወንፊት ጭንብሉ ወልቆ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ደክሞት አረፍ ያለ እንጂ የተገደለ አይመስልም። ሐኪሙ ቁስሉን ለማግኘት ቀኝ ክንዱን ማንሳት ነበረበት። ብብቱ ስር፣ ጃኬቱ አየር እንዲያስገባ ክፍት በተተወበት ቦታ፣ ከሁለት ጣት የማይሰፋ አንድ ቀዳዳ አለ።

«አንዴ ብቻ ነው የተወጋው» አለ ሐኪሙ። «የወጋው ሰው የት እንደሚገባ ያውቃል።»

ጊዜው ረፋድ ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን መጋረጃዎቹ ዳርና ዳር በሚስማር ተወጥረው፣ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ፋኖስ ብቻዋን ትበራለች። ጥግ ላይ ረጥቦ የተጠቀለለ ሰሌን እንጨት ላይ ቆሟል፤ አናቱ በሰያፍ፣ እንደ ሸንኮራ አንድ ጊዜ ተቆርጧል። ወለሉ ላይ፣ ከአንድ የልምምድ ዱላ ጎን፣ ደም የነካው ረጅም ሰይፍ ወድቋል። እጀታው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። መንትያው አፎቱ ውስጥ እንዳለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የእሱ ጨርቅ ቀይ ነው።

ሳጅኑ የተሰቀለውን መዘዘና ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ይሄ እንኳን ሰው ዳቦም አይቆርጥ» አለ። ጫፉም እንደ ትንሽ ጣት ድቡልቡል ነበር።

ሳጅኑ አባቴ ለመሆን ጥቂት ዓመት ነው የሚጎድለው። እኔ በዕድሜው፣ እሱ በማዕረጌ አንቱ እንባባላለን። ባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስኩ ስድስት ወሬ ነው፤ እሱ እዚያ የተማርኩትን ሁሉ እስክረሳው በትዕግሥት ይጠብቀኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከትምህርቴ የትኛው ለዚህ ምድር እንደሚሆን ገና አልለየሁም።

ሬሳውን ያገኙት የሟች ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸውን ከልጅነቱ ያሳደጉት፣ ቤቱንም የያዙለት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ገበያ ወጥተው፣ ተመልሰው ሻይ ሊሰጡት ቢያንኳኩ መልስ አጡ። ማን እንደመጣ አላዩም፤ በጓሮ በኩል ያለው በር ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ወደዚያ ክፍል የሚዘልቁት በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለማጽዳት ብቻ ነው። ትናንትም አጽድተዋል።

ይህን ሁሉ ሳያለቅሱ ነገሩኝ። ከዚያ ወጡና ከልብስ ማስጫው ገመድ አንድ የትራስ ልብስ ይዘው ተመለሱ። ነጭ ነበር፤ ግን አንድ ጎኑ ወደ ሮዝ አድልቷል።

«ፊቱን ልሸፍንለት ልጄ። ንጹሕ ነው፤ ቀለም ለቆበት ነው እንጂ።»

ምርመራው ሳያልቅ ምንም ነገር ሬሳ ላይ እንዳይቀመጥ ነው የተማርኩት። ሳጅኑ አየኝ። እኔም አንዴ ወለሉን ካየሁ በኋላ ይሸፍኑት አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ አለ። ሳጅኑ ሳይነካው አጎንብሶ ማንበብ ጀመረና ቀና ማለት ተሳነው። ለካ የሟች አንባቢ ኖሯል። እኔ የባላባት፣ የአስማትና የሰይፍ ልቦለድ የትምህርት ቤት ልጅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ቅጽ አንብቧል። አንደኛው ከገበያ ስለጠፋ አላገኘውም።

«ይሄ ሰው ያልሞከረውን ምት አይጽፍም» አለኝ። «ዘንዶው ውሸት ነው፤ ሰይፉ ግን እውነት ነው። መግቢያው ላይ ሁሌ ይጽፈዋል።»

እውነት ነበር። ውጊያ በተጻፈበት ገጽ ሁሉ ኅዳጉ ላይ «ተሞክሯል» የሚል አለ። ከመጨረሻው ገጽ ቀደም ብሎ ጀግናው የጠላቱን ክንድ በአንድ ምት ይቀነጥሳል፤ ኅዳጉ ላይ «ተሞክሯል፣ ሰኞ፣ ባለቀይ ጨርቁ» ይላል። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሽማግሌ የጦር አለቃና ተማሪው በአንዲት ፋኖስ ብርሃን ምድር ቤት ውስጥ ይጋጠማሉ። ተማሪው ቀኝ እጁን ከእጀታው ሳይለቅ በግራው የሰይፉን ወገብ ጨብጦ፣ እንደ አጭር ጦር አድርጎ፣ የብረት ልብሱ ያልሸፈነውን የመምህሩን ብብት ይወጋል። እዚህ ጋ ኅዳጉ ባዶ ነው።

«ሊሞክረው ነበር ማለት ነው» አልኩ።

«ሞክሮታል እንጂ» አለ ሳጅኑ።

ያን ቀን የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን አሳታሚው ላይ ነበር። ደራሲው ሽማግሌውን የጦር አለቃ ሊገድለው መሆኑን ሰምቶ በስልክ ሲጮህበት የቢሮው ጎረቤት ሰምቷል። ሆኖም አሳታሚው ጠዋቱን ከአሥር ሰው ጋር ስብሰባ ላይ ነበር። የሚዝቱ አንባቢዎች ደብዳቤም አሳየን። ሳጅኑ አንዱን አንብቦ ሲያበቃ እሱም ቢሆን ሽማግሌው እንደሚሞት ቀድሞ ቢያውቅ ይጽፍ እንደነበር ነገረኝ።

ከደራሲው ጋር ሰይፍ የሚገጥመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የትያትር ቤቱ የሰይፍ አሰልጣኝ። ቀጭን ስለሆነ በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ ስሙ «ክሩ» ነው። ባዶ መድረክ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ግራ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። ገና ማንነታችንን ስንነግረው የጠየቀው ስለ ሟች አልነበረም።

«እትዬስ? ማን አብሯቸው አለ?»

የሟችን እህት ማለቱ ነው፤ ጎረቤቶች አሉ አልነው። የሚሄደው ሰኞ ከሰዓትና ዓርብ ብቻ እንደሆነ፣ ዛሬ ረቡዕ በመሆኑ ጠዋቱን እዚሁ ብቻውን እንደነበር ተናገረ። ስለ ልምምዳቸው ስጠይቀው ግን ድምፁ ተለወጠ፤ ስለሚወደው ነገር የሚያወራ ሰው ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ተጋጥመዋል። ዳኛ ኖሯቸው አያውቅም። የተመታው ራሱ «ገባ» ይላል፤ ክርክር የለም።

«ጋሼ አንድም ቀን ደብቆ አያውቅም» አለ። «እኔ ያልታወቀኝን እንኳ እሱ ‹ገባ› ይለኝ ነበር።»

ቀጥለን ወደ ብረት ቀጥቃጩ ሄድን። ሁለቱን ሰይፎች የሠራቸው እሱ ነው፤ ደግሞ ቂም ነበረው። በሦስተኛው ቅጽ ላይ የጀግናው ሰይፍ ለሁለት ይሰበራል።

«የእኔ ሰይፍ አይሰበርም» አለን፣ አጥፍተን የመጣን ይመስል። «አንብበው ሰዎች መጥተው ‹የተሰበረው ያንተ ነው?› ይሉኛል። ለእሱ ልቦለድ ነው፤ ለእኔ ስም ነው።»

ሁለቱን መንታ አድርጎ እንዲሠራቸው ያዘዘው ደራሲው ነበር፤ አንዱ ስል፣ አንዱ ዱልዱም፤ በክብደት፣ በርዝመት፣ በሚዛን አንድ። ዱልዱሙ ዱላ ከያዘ ሰው ጋር ለመጋጠም፣ ስሉ ሰሌን ለመቁረጥ። እጁ ላይ ካልተመሳሰሉ ሙከራው ሙከራ አይሆንም ብሎ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀጥቃጩ ሁለቱንም ወስዶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ እሑድ መልሷቸዋል። ረቡዕ ጠዋት ግን ከመዶሻው እንዳልተለየ፣ ጎረቤቱን እንድንጠይቅ ነገረን።

ጎረቤቱ ብየዳ ሠሪ ነው። መዶሻው ጠዋቱን ሙሉ ሲጮህ እንደነበር አረጋገጠ።

«ሰውዬውንስ አይተኸዋል?»

«እሱን አላየሁም። ግን ድምፁን ስሰማ ሚስቱ ናት ብያለሁ። እሷ እኩል እኩል ነው የምትመታው፤ እሱ ዘንድሮ ይስታል።»

ተመልሰን ስንይዘው ቀጥቃጩ ብዙ አልታገለም። ከመሣቢያ አንድ የክሊኒክ ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ። ረቡዕ ጠዋት የዓይን ሐኪም ዘንድ ነበር። ሰባት ወሩ ነው፤ ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። ደንበኛ እንዳይሰማ ብሎ ዋሽቷል። ከዚያ እኔ ልጠይቀው የፈለግሁትን እሱ ቀድሞ ጠየቀኝ።

«አለዋውጬ አስሬያቸው ይሆን? ጨርቃቸውን መልሼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። በእነዚህ ዓይኖች።»

መማል አልቻለም። ሰይፉ ከእጁ ወጥቶ ሰው ከገደለ፣ ሳያውቀውም ቢሆን ጥፋተኛው እሱ ነው ብሎ አመነ። ጉዳዩ እስኪጣራ ጣቢያ አቆየነው። ሚስቱ እራት አምጥታለት፣ እሱ ሲበላ እሷ ግድግዳውን እያየች ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ የቀጥቃጩን መያዝ ሰምቶ፣ አሰልጣኙ ራሱ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ቀጥቃጩን ልቀቁት። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ያለ ቀኑ፣ ረቡዕ ጠዋት በጓሮ በር እንደገባ፣ በሽማግሌው የጦር አለቃ አሟሟት እንደተጣሉ፣ ተናዶ ስሉን ሰይፍ መርጦ እንደወጋው በዝርዝር ተናገረ። የግራ እጁን ጓንትም ከካፖርቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግራ እጁ በቆሸሸ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ሲወጋ ምን አለ?» አልኩት።

ሌላውን ሁሉ መልሶ ይህን ብቻ አልመለሰም።

ሳጅኑ ፋይሉን ዘጋ። እኔ ግን ጓንቱን ትቼ መሄድ አቃተኝ። ስስ ቆዳ ነው። መዳፉ ላይ ከአመልካች ጣት ሥር እስከ አንጓው አንድ ረጅም ቅዳጅ አለ፤ ስለቱ ውስጥ ለውስጥ የተንሸራተተበት። ስል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሰይፍ እንዲህ ይይዛል? ያስተማሩን ሰዎች ማስረጃ አይዋሽም ይሉ ነበር። ካመጣሁት ትምህርት ሁሉ እስካሁን ያላፈርኩበት ይህ ብቻ ነው።

«ሳጅን፣ ያልሞከርነውን ባንጽፍስ?»

ሳቀ። ግን የዕቃ ክፍሉን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈነው። ጭንብሉን አጥልቄ፣ ባለቀይ ጨርቁን ዱልዱም ይዤ፣ እሱ መጥረጊያውን ከፍ አድርጎ ቆመልኝ። ግራ እጄን ወደ ሰይፉ ወገብ ልኬ ስገፋ መዳፌ ብረቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ዱልዱም ስለሆነ ቆዳዬን እንኳ አልጫረኝም። ወንፊቱ ውስጥ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ጫፉ ስል ይሁን ድቡልቡል አይታይም። የሚታየው እጀታው ላይ ያለው ጨርቅ ብቻ ነው።

«ጓንቱ የተቀደደው ዱልዱም ይዣለሁ ብሎ በሚያምን ሰው እጅ ላይ ነው» አልኩ። «አልመረጠውም። የእምነት ቃሉ ውሸት ነው።»

ሳጅኑ ሰይፉን ተቀብሎኝ እጀታውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«አለቃ፣ ይሄ ቆዳ የአሥራ አራት ዓመት ላብ ይሸታል። ጨርቁ ግን ሳሙና ነው የሚሸተው።»

ነጩንም አመጣነው። ደም ያልነካው ጫፉ ላይ፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት፣ ነጭ አይደለም። ትንሽ ወደ ሮዝ ያደላል። ያን ቀለም ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ፤ የሟች ፊት ላይ።

ረቂቁን ገለጥኩ። ሰኞ፣ ባለቀይ ጨርቁ፣ ተሞክሯል። ሰኞ ዕለት ባለቀዩ ሰሌኑን እንደ ሸንኮራ ቆርጦታል። ረቡዕ ዕለት ባለቀዩ ዳቦ አይቆርጥም። ስለዚህ ቀጥቃጩ እሑድ ያሰረው ትክክል ነበር፤ ጨርቆቹ ቦታ የተለዋወጡት ከሰኞ በኋላ፣ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ደግሞ የጽዳት ቀን ነው።

ሁለታችንም ስማቸውን አላነሳንም። ሳጅኑ ሰይፎቹን በቀስታ መልሶ አስቀመጠ።

አሰልጣኙን በማግስቱ ያናገርኩት ብቻዬን ነው። ጨርቆቹን ፊቱ ሳስቀምጥ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጭንብሌን ሳወልቅ አየሁት» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱም ታጥበዋል። እዚያ ቤት የሚያጥብ አንድ ሰው ነው።»

«ለምን እንዴት እንደሆነ አልተናገርክም? አደጋ ነበር።»

«ስህተት ነው ብል ‹እንዴት ተሳሳትክ› ትለኛለህ። ጠብ ነው ብል ማንም እንዴት አይልም።»

ጨርቆቹን ያኔውኑ ቢያለዋውጣቸው ኖሮ ስህተቱ የእሱ ብቻ መስሎ ይቀር እንደነበር ነገርኩት። መንገድ ላይ ትዝ እንዳለው፣ ሊመለስ ሲል ግን የእትዬን ጩኸት እንደሰማ ነገረኝ። ረቡዕ የመጣው ደራሲው ሌሊቱን ምዕራፉን ጨርሶ፣ እስከ ዓርብ መጠበቅ አቅቶት በጠዋት ስለደወለለት ነው። እናም ቀደም ሲል ያልመለሰልኝን ሳልጠይቀው መለሰልኝ።

«‹ገባ› አለ። እንደ ሁልጊዜው። ደስ ብሎት ነበር፤ ምቱ ሠርቷል። ከዚያ ጭንብሉን አውልቆ ቁጭ አለ፤ እኔ ቀልድ መሰለኝ።» ጨርቆቹን ወደ እኔ ገፋና «ዕድሜ ልክ ስጡኝ» አለ። «እሳቸው በእጃቸው እንደሆነ ካወቁ አንድ ሳምንት አይኖሩም። እኔ መታሰር እችላለሁ። ሰው የለኝም።»

ቢሮዬ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። እውነቱን ብጽፍ የሴትዮዋ ስም ሁለተኛው መስመር ላይ ይመጣል። ውሸቱን ብጽፍ ንጹሕ ሰው በነፍሰ ገዳይነት ዕድሜውን ይጨርሳል። እዚያ፣ ባሕር ማዶ፣ ይህ ጥያቄ እንኳ አልነበረም፤ እውነቱ ይጻፋል፣ የሚያለቅስ ያለቅሳል። እዚህም ቢሆን መልሱ ሌላ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ሰው ማመኑን ለእትዬ በስልክ የነገርኳቸው ትናንት ነበር። ማን እንደሆነ ሲሰሙ «እሱ አይደለም» ብለው ዘግተውብኛል።

እያሰብኩ ሳለ ሳጅኑ በሩን ከፈተ። ከኋላው እትዬ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የትራስ ልብሱን፣ በሌላው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዘዋል። አንደኛው ቅጽ ነበር። ሳጅኑ መጽሐፉን ሲያይ ትንፋሹ ተሰማኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ሃያ አንድ ዓመት መደርደሪያ ላይ ኖሯል» አሉ። «የመጀመሪያው ገጽ ላይ ‹ላሳደገችኝ እህቴ› ብሎ ጽፎልኛል። ደም አልወድም ብዬ ከዚያች ገጽ አላለፍኩም። ትናንት ስልኩን ስዘጋ ጀመርኩት።»

ጣታቸውን ያስገቡበትን ገጽ ገልጠው ሰጡኝ። ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የመሣሪያ ቤቱ ጠባቂ ለአዲሱ ምልምል እየነገረው ነው፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ስል ነው፣ ለጨዋታ እንዳትመዘው፤ ነጩ የልምምድ ነው።

«ለአገሩ ሁሉ ነግሯል» አሉ። «እኔን ግን ረሳኝ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ላብ ላብ ሲሸቱኝ ፈትቼ ከትራስ ልብሱ ጋር ዘፈዘፍኳቸው። ስመልሳቸው የትኛው የየትኛው እንደነበር ልብ አላልኩም።»

ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ ያዘ።

«ማንም አልጠየቀዎትም እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

«የተመታው ራሱ ይናገራል ይላል መጽሐፉ። ያን ልጅ አምጣልኝ።»

አሰልጣኙ ሲገባ መጀመሪያ ያየው እሳቸውን ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የትራስ ልብስ ነው። እንዳወቁ ገባውና ባለበት ቆመ። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ እንዳልነገርኳቸው ራሴን ነቅንቄ ምልክት ሰጠሁት። እትዬ ቀርበው ግራ እጁን ያዙ። የጨርቁ ጫፍ ደርቆ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል።

«ማን ነው ያሰረልህ?»

«ራሴ ነኝ።»

«በአንድ እጅህ።»

ቀስ ብለው፣ እየነፉበት፣ ዙር በዙር ፈቱት። ፈትተው ሲጨርሱ የቆሸሸውን ጨርቅ ብርሃን ላይ ያዙት።

«ይሄ መታጠብ አለበት» አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። እጃቸው ጨርቁን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደና ቆመ።

አሰልጣኙ የተከፈተ መዳፉን አላጠፈም። በደህናው እጁ የእትዬን ጣቶች ጨርቁ ላይ መልሶ አጠፋቸው።

«ይጠቡልኝ፣ እትዬ» አለ።